ዶርም ውስጥ ቤት መሥራት፦ ትንሽ ግቢ ለደረሳችሁ ፍሬሾች

ምደባ ወጥቶ ስማችሁን ከአንድ ትንሽ ግቢ ጎን ስታዩት ቅር ብሏችሁ ይሆናል። ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ መርጦ፣ ከከተማ ወጣ ያለ፣ ብሎኮቹ በጣት የሚቆጠሩ ኮሌጅ የደረሰው ልጅ ማዘኑ ያለ ነው። እኔም አዝኜ ነው የገባሁት። ዛሬ ግን ታናሼ እንዲህ ያለ ግቢ ቢደርሰው ደስ ይለኛል።

በትንሽ ግቢ ሰው ሳይታይ አይከርምም። ሁለት ቀን ካፌ ካልታያችሁ “ምን ሆነ?” የሚል አይጠፋም። በዚያው ልክ የተጣላችሁትን ልጅ በቀን አምስት ጊዜ ታገኙታላችሁ፤ ካፌ፣ ላይብረሪ፣ ሻወር፣ ክፍል፣ ከዚያ ማታ ደግሞ በላይኛው አልጋ። ስለዚህ አብሮ መኖርን ቶሎ መልመድ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ ብዙዎቻችሁ የዶርም አልጋ ላይ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ። ያ ግን የጥቂት ቀን እንግድነት ነበር። አሁን ቤት ልትሠሩ ነው።

ከቤት ስትነሱ

በጥሪ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ 3 በ 4 ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይላል። አሁን አሁን የፋይዳ መታወቂያም ይጠየቃል። ፎቶውን በርከት አድርጉት። ለመታወቂያ፣ ለምግብ መውሰጃው ሚል ካርድ፣ ለክሊኒክ እያላችሁ ሳታስቡት ያልቃል።

ማስታወቂያው የማይነግራችሁም አለ። ለላከር (ለዶርሙ ቁምሳጥን) ጠንካራ ጓጉንቸር ያዙ። ነጠላ ጫማ፣ የልብስ ገመድ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪና ዲቫይደር አትርሱ። ጀሪካንና ባልዲ እዚያው ከተማ ይገዛል፤ በአውቶቡስ አትንከራተቱበት። ስቶቭና ውሃ ማፍያ ሂተር ግን ተዉት። ፕሮክተር (የብሎኩ ተቆጣጣሪ) ሲፈትሽ ይወስደዋል። ባይወስደውም የብሎኩን መብራት ይዞ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ከዚያ በሁሉም አፍ የምትነሱት እናንተ ናችሁ።

እናታችሁ የቋጠረችላችሁን በሶና ዳቦ ቆሎ ላከር ውስጥ አትቆልፉበት። በመጀመሪያው ማታ ፍቱት። ስድስት የማይተዋወቁ ልጆች አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ሲያዩ ያንን ዝምታ የሚሰብረው አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ነው። “የማን እናት ሠራችው?” ይባላል፤ ከዚያ ወሬው ራሱ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን

ዶርም ብዙ ጊዜ የሚደለደለው በስም ፊደል ተራ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ሞክሼ ቢያጋጥማችሁ አትደነቁ። ከየአገሩ የመጣ ልጅ ታገኛላችሁ፤ ይህ ጥሩ ነው። “ከአገሬ ልጅ ጋር ልሁን” ብላችሁ ፕሮክተሩን ለማስለወጥ አትሩጡ። ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቆዩ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ልለቀው የፈለግሁት ዶርም ውስጥ ነው አራቱንም ዓመት የኖርኩት።

አልጋ ስትመርጡ ቀድሞ የደረሰ ይመርጣል የሚለው የተለመደ ነው። ሆኖም እግሩን የሚያመው ወይም ከላይ መተኛት የሚፈራ ካለ ታችኛውን ልቀቁለት። ፍራሹን ከማንጠፋችሁ በፊት አገላብጣችሁ እዩ። የላከሩን በር፣ የመስኮቱን መስታወት፣ ሶኬቱንም እዩ። የተሰበረ ነገር ካለ በዚያው ቀን ለፕሮክተሩ ተናግራችሁ አስመዝግቡ፤ በስልክ ፎቶም አንሱት። በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ (ዕዳ የለባችሁም የሚለውን ወረቀት) ስትጠይቁ ያልሰበራችሁትን ክፈሉ እንዳትባሉ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ፦ ቁጭ ብሎ መነጋገር

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉት።

የዶርም ጠብ በትልቅ ነገር አይጀመርም። መብራት ነው። አላርም ነው። ያለፈቃድ የተነሳ ሻምፖ ነው። ማንም “ይሄ ያናድደኛል” ብሎ አይናገርም። ለሁለት ወር ይዋጣል። ከዚያ አንድ ቀን በባልዲ ምክንያት ይፈነዳል። ሰው ደግሞ በባልዲ እንዲህ ይሆናል ወይ ይላል። በባልዲው አይደለም፤ በሁለቱ ወር ነው።

ስለዚህ ገና ሳትቀያየሙ፣ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ተቀመጡ። ቆሎ ግዙ። አንድ ደብተር ያዙ። አንዱ ይጻፍ። ሁሉም በየተራው ሁለት ነገር ይናገር፦ “እኔ ያለዚህ መኖር አልችልም” የሚለውንና “እኔን ይህ በጣም ይከብደኛል” የሚለውን። በእኛ ዶርም አንዱ “እኔ በጨለማ እንቅልፍ አይወስደኝም” አለ። ሌላው ደግሞ በመብራት አይተኛም ነበር። ያን ቀን ባይነገር ኖሮ አንዱ ሌላውን ሆን ብሎ የሚያስቸግረው ይመስለው ነበር። በሩ በኩል ያለችውን ትንሽ አምፖል ብቻ ማብራት ብለን ጨረስነው።

ደብተሩ ላይ ልታሰፍሯቸው የሚገባውን ልንገራችሁ።

የመብራት ሰዓት ቁረጡ። የእኛ ማታ 5 ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያጠና ስፔስ (ማጥኛ ክፍል) ይሄዳል ወይም በባትሪ ያነባል። ለፈተና ሳምንት ሌላ ሰዓት ይኑራችሁ።

አላርም አንዴ ጮኾ ካልተነሣችሁ አጥፉት። በየአምስት ደቂቃው እየጮኸ ባለቤቱ የሚያንኮራፋበት ስልክ ለስንቱ ጠብ እርሾ እንደሆነ አይቻለሁ። ስልክ ማውራት ደግሞ ከመብራት ሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ነው። ሙዚቃና ቪዲዮ በኢርፎን።

ጽዳት በተራ ይሁን፤ የሳምንት ተረኛ ይሻላል። በቀን ከሆነ “ትናንት የኔ አልነበረም” የሚል ክርክር አያልቅም። ተረኛው ይጠርጋል፣ ቆሻሻ ይደፋል፣ ውሃ መኖሩን ያያል። ዝርዝሩን በሩ ጀርባ ለጥፉት።

እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ ይነገር። ማደር ከሆነ የብሎኩን ደንብ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ክልክል ነው።

ዕቃ መዋዋስ ላይ ግልጽ ሁኑ። “የኔን ማንኛውንም ተጠቀሙ” የሚል ልጅ አለ፤ እውነቱን ነው። “የኔን አትንኩ” የሚልም አለ፤ እሱም መብቱ ነው። ስስታም አትበሉት። ፎጣ፣ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን በማንም ቤት አይዋስም።

ደብተሩን ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ክፈቱት። ያልሠራውን ቀይሩ።

ቁልፍ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ስለተቃጠልኩበት ነው። ለስድስት ልጅ የተሰጠን ሁለት ቁልፍ ነበር። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። አንድ ሐሙስ ቀን ከላብራቶሪ ስወጣ ዝናቡ ጀመረ። ዶርም ስደርስ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ልጅ ላይብረሪ ገብቶ ስልኩን አጥፍቷል። ከበሩ ላይ ዘንቦብኝ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ፤ ሲመጣ ያልኩትን ዛሬም መድገም አልፈልግም።

በማግስቱ ብር አዋጥተን ከተማ ሄድን። ጠንካራ ጓጉንቸር ገዛንና ስድስት ቁልፍ አስቀረጽን። በነፍስ ወከፍ የወጣው የሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይሆንም ነበር። እናንተ ሳይዘንብባችሁ አስቀርጹ። ፕሮክተሩን ብቻ አስፈቅዱ፤ አንድ ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋ እንዲቀመጥ የሚፈልግ አለ። አንዱ ቁልፉን ከጣለ ደግሞ ጓጉንቸሩ ይቀየራል፤ የሚከፍለው የጣለው ነው።

ስለ ሌብነትም እዚሁ ልበል። ላፕቶፕ አልጋ ላይ ጥላችሁ ሻወር አትሂዱ። ልብስ ስታሰጡ ደግሞ ሃንድአውታችሁን ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ገመድ ሥር የሚያጠናው ሁሉ ፀሐይ ወዶ አይደለም።

የዶርም ሳጥን

ወላጆቻችን እድር ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተም አቋቁሙ። በወር ከእያንዳንዱ የምትችሉትን ትንሽ ብር አዋጡ። ከሁላችሁ የሚቸገረው ልጅ ሳይሳቀቅ የሚከፍለው መጠን ይሁን። መጠኑን ስትወስኑ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገውን ልጅ አስተውሉ።

ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ በሴሚስተሩ ቀይሩት። የገባና የወጣ በዚያው ደብተር ይጻፍ። ከሳጥኑ የሚወጣው ለመጥረጊያ፣ ለበረኪና፣ ለአምፖልና ለጀሪካን ነው። ዋናው ግን ለክፉ ቀን ነው። ለልደት ኬክ አትንኩት። ለልደት ሌላ አዋጡ።

ካፌ የሚበላና ነን-ካፌ (የምግቡን ብር ተቀብሎ ውጭ የሚበላ) የሆነ ልጅ በአንድ ዶርም ሲኖር ትንሽ ማስተዋል ይፈልጋል። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን ምግብ በጀት ለረጅም ጊዜ በጣም ትንሽ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ነው ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ያለው። በዚህም ቢሆን ነን-ካፌ የሆነ ልጅ ወር መጨረሻ ላይ ኪሱ ባዶ ይሆናል። “በላሁ” ይላችኋል። ፊቱን እዩ። አንድ ዳቦ ይዛችሁ ግቡና “ተረፈኝ” በሉት።

በነገራችን ላይ፣ የምትበሉትና የምታድሩበት ነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የወጪ መጋራት አለ፤ ከወጪው ድርሻችሁን ተመርቃችሁ ትከፍላላችሁ። ስትመዘገቡ የምትፈርሙት ውል እሱ ነው። አንብባችሁ ፈርሙ፤ ኮፒውንም አስቀምጡ።

ትኋን

ሳትፈሩ አውሩት። ትኋን የቆሻሻ ልጅ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከእናንተ በፊት ፍራሹ ላይ ከተኛው የቀረ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን አልጋውን ቢያጸዳ ዋጋ የለውም፤ በማታ ከጎረቤት አልጋ ተመልሶ ይመጣል። ቅዳሜ መርጣችሁ ሁላችሁም በአንድ ቀን አድርጉት። ፍራሹን ሁሉ ፀሐይ ላይ አውጡ። አንሶላና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠብ። የብረት አልጋው መጋጠሚያ፣ ብሎኑ ያለበት ቦታ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ፤ እንቁላሉ ያለው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የፈላ ውሃ ከካፌ ማብሰያ ቤት በትህትና ከጠየቃችሁ ይሰጣችኋል። ከአሥር ቀን በኋላ ድገሙት፤ የተረፈው እንቁላል በዚያን ጊዜ ተፈልፍሎ ይገኛል። የባሰ ከሆነ ለፕሮክተሩ ነግራችሁ ብሎኩ እንዲረጭ በጽሑፍ ጠይቁ። በተረጨ ቀን ማንም እዚያ አይደር።

ጾም፣ ጸሎት፣ ቋንቋ

በአንድ ዶርም ለሰላት ንጋት 11 ሰዓት የሚነሣ፣ ለኪዳን የሚወጣ፣ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ይኖራል። የሚነሣው ልብሱን ማታ ያዘጋጅ፣ መብራት አያብራ። የተኛው ደግሞ አያጉረምርም። በረመዳን ለስሁር የሚነሣ ልጅ ካለ ማታ ውሃና ምግቡ በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥለት። በዐቢይ ጾም ካለሰዓቱ ተመልሶ ካፌ ተዘግቶ የሚያገኘው ልጅ አለ፤ ድርሻውን የሚያስቀምጥለት ካለ ሳይበላ አያድርም።

በቋንቋም እንዲሁ። ሁለት የአንድ አገር ልጆች በቋንቋቸው ማውራታቸው መብታቸው ነው። ሦስተኛው ሲገባ ግን ወደ ጋራው ቋንቋ መለስ በሉ፤ አለዚያ ስለሱ የምታወሩ ይመስለዋል። ከዚያም አልፎ የዶርም ልጆቻችሁን ሰላምታ ተማሩ። እናቱ ስትደውል በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ሰላም ብትሏት የምታሰማውን ሳቅ አትረሱትም።

ሲታመሙ

ሁለት ቀን ካፌ ያልሄደ ልጅ ካለ ክሊኒክ ውሰዱት፤ ሂድ አትበሉት። መታወቂያውን ያዙለት። ሪፈር ከተጻፈ አብራችሁ ሂዱ። ምግብ በሱ ሚል ካርድ አውጥታችሁ ለማምጣት ብዙ ካፌዎች ከክሊኒኩ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ እዚያው እያላችሁ አስጽፉ። ፈተና ያመለጠው ከሆነም ያ ወረቀት ያስፈልገዋል።

በአካል ሳይሆን በመንፈስ የታመመም አለ። የማይታጠብ፣ የማይማር፣ ቀን ሙሉ ግድግዳ ዞሮ የሚተኛ። ጀዝባ ብላችሁ አትሳቁ። አንዱ ለሚቀርበው ሰው ይንገር፤ ለቤተሰቡ፣ ለሚያምነው መምህር፣ ለግቢው የምክር አገልግሎት። “ራሴን አጠፋለሁ” የሚል ቃል ከተሰማ በዚያች ሌሊት ብቻውን አይተው።

መርዶ

ይህን ለፍሬሽ ማንም አይነግረውም። ነገር ግን በአራት ዓመት ውስጥ ከስድስት ልጅ አንዱ ቤት ለቅሶ መድረሱ አይቀርም።

ሁለተኛ ዓመት እያለን ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የዶርማችን ልጅ አጎት ነበር፤ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። “አባቱ አርፏል። እሱ እንዳይሰማ። ጠዋት ላኩልን” አለኝ። ልጁ ሦስት ሜትር ርቆ አልጋው ላይ ለኩዊዝ ይቸክላል። ወጥቼ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ማታ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ቤተሰቡ የሚፈልገውን በደንብ ጠይቁ። እዚያው ይነገረው ወይስ ቤት ደርሶ? ብዙ ቤተሰብ “አባትህን ትንሽ አሞታል ብላችሁ ላኩት” ይላል። መዋሸት ይከብዳል፤ እኔንም ከብዶኛል። ግን የቤተሰቡን ቃል አክብሩ። ከራሳችሁ ምንም አትጨምሩ።

ቀጥሎ ስልኩን አስቡ። አንድ ዘመድ ፌስቡክ ላይ “ነፍስ ይማር” ብሎ ፎቶ ይለጥፋል፤ ልጁ ብቻውን ሽንት ቤት ቆሞ ያየዋል። እኛ ዲቫይደሩን ነቅለን ቻርጅ ዘግቶበት እንዲያድር አደረግን። ካስፈለገ ስልኩን ለጥሪ ተዋሱት።

ከዚያ ለሌሎቹ የዶርም ልጆች በየተራ ውጭ አውጥታችሁ ንገሩ። ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ሳጥኑን ይክፈትና ከብሎኩ ያዋጣ፤ በትንሽ ግቢ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመንገድ ብር ይሞላል። አንዱ ለፕሮክተሩና ለዲፓርትመንቱ ይንገር፤ ያመለጠ ፈተና በኋላ እንዲሰጠው ነው። አንዱ ሻንጣውን ያዘጋጅ። ጋቢ ወይም ሙቅ ልብስ ይግባበት።

ብቻውን አትላኩት። ሁለት ልጅ አብሮ ይሂድ፤ ቢያንስ አንድ። በእኛ ዶርም አብሮት የሄደው፣ በመብራት ምክንያት ለሳምንታት ያኮረፈው ልጅ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ንጋት 11 ሰዓት መናኸሪያ ስንደርስ የልጁን ሻንጣ ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞን አውቶቡስ ውስጥ ገባ።

እዚያው ግቢ ይነገረው ከተባለ ማታ አይነገር። ማለዳ ይሁን። በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ጥሩ፤ መምህር፣ ወይም የሃይማኖቱ አባት። የሚቀርቡት ልጆች አጠገቡ ይቀመጡ። ሲያለቅስ “በቃ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም” አትበሉት። ያልቅስ። ብሎኩ እየመጣ ይቀመጥ፤ ሻይ አፍሉ፣ ዳቦ አቅርቡ።

ሲመለስ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀው። ያመለጠውን ኖት አንዳችሁ ገልብጡለት። የመጀመሪያውን ቀን ክፍል አብራችሁት ግቡ። ለጥቂት ማታ በጊዜ ግቡ፤ ዶርሙ ባዶ አይሁንበት።

አቤቱታ ሲኖራችሁ

ውሃ ጠፋ፣ ሽንት ቤት ተዘጋ፣ ፕሮክተር ሰደበ። ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ የብሎኩ ፕሮክተር፣ ቀጥሎ የተማሪዎች ህብረት፣ ከዚያ የተማሪዎች ዲን። በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ ቀን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ኮፒ አስቀርታችሁ ስጡ። ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ ግን ይህን ቅደም ተከተል ተዉት። በቀጥታ ወደ ሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ዲኑ ሂዱ። ከተበደለችው ልጅ ጋር የሚሄድ ሰው ይኑር።

ግቢ ሲረበሽ ደግሞ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሕይወታቸው አልፏል። ቴሌግራም ላይ የመጣውን አታስተላልፉ። ዶርማችሁ ውስጥ ሁኑ። “እዚህ ዶርም የእገሌ ብሔር ልጅ አለ ወይ?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የዶርሙ ልጆች ሁላችንም ነን ነው፤ በሩን ዝጉ። ይህን ጸጥ ባለ ቀን ተነጋገሩበት፤ በረብሻ ቀን ለማሰብ ጊዜ የለም።

ከዶርም ውጭ

ትንሽ ግቢ አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። አንድ ክበብ ግቡ፤ ቀይ መስቀል፣ ሚኒ ሚዲያ፣ በጎ አድራጎት፣ የፈለጋችሁትን። የየሃይማኖቱ የተማሪዎች ማኅበር፣ ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ፣ ፌሎሺፕ፣ ለብዙ ልጅ ሁለተኛ ቤት ነው። ሲኒየሮችን ተዋወቁ። የድሮ ፈተናና ወርክሺት ያለው እነሱ ጋ ነው፤ ከጠየቃችኋቸው አይከለክሉም። ዶርም ለዶርም ኳስ ግጥሚያ ጀምሩ፤ ሁለት ድንጋይ ጎል ይበቃል።

ዓመቱ ሲያልቅ

ክሊራንስን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩ። የላይብረሪ መጽሐፍ፣ ፍራሽ፣ የላከር ቁልፍ፣ የስፖርት ዕቃ እየመለሳችሁ አስፈርሙ። ክፍሉን አብራችሁ አጽዱ። ሳጥኑ ውስጥ የተረፈውን ቁጠሩና አውቶቡስ የማይበቃው ልጅ ካለ ለሱ ስጡ፤ ካልሆነ ተካፈሉት። ጀሪካኑን፣ መጥረጊያውንና ባልዲውን አትሽጡ። በሩ ጀርባ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚገቡት ያገኙታል። ደብተሩንም አብራችሁ ተዉላቸው።